ወደ ተራራው ከመውጣታችን በፊት፦ መኪናንና ሰውን ለበረዶ ማዘጋጀት



በአገራችን ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ማለታችን ነው። እዚህ ሊባኖስ ግን ክረምት የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ተራራው ላይ የሚወርደውም በረዶ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ከአሠሪዎቻችን ጋር ወደ ፋራያ፣ ወደ ብሻሬ፣ ወደ ዛህሌ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን የመንደር ቤት ለማጽዳት በፒክአፕ ከዕቃ ጋር እንሄዳለን። በቀን ሥራ የሚተዳደሩ እህቶችም በሚኒባስ ወደ በቃዓ ይመላለሳሉ። እኛ ባንነዳም የምንቀመጠው በዚያው መኪና ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕፃን ታቅፈን ነው። ስለዚህ መኪናው፣ ሾፌሩና እኛ ራሳችን ለበረዶ እንዴት እንደምንዘጋጅ ማወቅ ይገባናል።

(በዚህ ትምህርት ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ባሕሩ ዳር ሞቅ ብሎ ሳለ በረዶው ከየት ይመጣል?

በአገር ቤት በረዶ የምንለው እንደ ጠጠር የሚወርደውን ነው። የሊባኖሱ እንደ ጥጥ ባዘቶ ቀስ እያለ የሚወርድና የሚከመር ነው። በመጻሕፍት አመዳይ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ተልጅ ይሉታል። መኪና ረግጦት ሌሊት ሲጠጥር እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ይህን ጀሊድ ይሉታል። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የምታውቅ እህት ብርዱን ታውቀዋለች፤ መንገድ ላይ የሚያደርሰውን ግን አላየችም።

ራስ ዳሽን ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የሊባኖስ ትልቁ ተራራ ቁርነት ኤል ሳውዳ ግን 3088 ሜትር ብቻ ነው። ሆኖም አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ተራራዋ ለወራት በረዶ ለብሶ አይቆይም። ሊባኖስ ወደ ሰሜን ራቅ ያለች ስለሆነች ተራሮችዋ ለወራት ነጭ ሆነው ይቆያሉ።

አደጋው ርቀቱ አጭር መሆኑ ነው። ከቤይሩት እስከ ሽቱራ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከል ያለው ዳህር ኤል ባይዳር ግን ከ1500 ሜትር በላይ ይወጣል። በየ1000 ሜትሩ ብርዱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ቤይሩት 10 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ከዳውራ ወይም ከሐዝሚዬ በቀላል ሹራብና በነጠላ ጫማ የተነሣ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ በረዶ ውስጥ ነው። የጣርማ በርን ጉም የምታስታውሱ፣ ዳህር ኤል ባይዳርን ያንኑ ጉም በረዶ ጨምሮበት አስቡት።

ይህ መንገድ ታሪክ አለው። በፌብሩዋሪ 1983 በጣለው ከባድ በረዶ በተራራው መንገድ ላይ ብዙ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ ሞተዋል። በጃንዋሪ 2018 ከሶርያ በእግራቸው ሊሻገሩ የሞከሩ ከ10 በላይ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ በማስናዕ አቅራቢያ በብርድ አልቀዋል። በጃንዋሪ 2019 ደግሞ ኖርማ የተባለው ማዕበል የተራራ መንገዶችን ዘግቶ ነበር።

2. መኪናው

ጎማ፦ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በዝናብ እንኳ ያንሸራትታል፤ በበረዶ ላይማ ጨርሶ አይያዝም። ብርድ የጎማውን አየር ስለሚቀንስ ከመነሣት በፊት መለካት አለበት። ስኮርታውም መታየት አለበት።

ሰንሰለት፦ እዚህ ጀናዚር ይሉታል። የሚታሰረው ሞተሩ በሚያዞረው ጎማ ላይ ነው፤ በብዙ ፒክአፕ ይህ የኋላው ጎማ ነው። በሰንሰለት ሲነዳ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ማለፍ አይገባም። ሾፌሩ አስቀድሞ በደረቅ ቦታ አንድ ጊዜ አስሮ ቢፈታው መልካም ነው፤ በረዶ ላይ በደነዘዘ ጣት መማር ከባድ ነው። አራቱም ጎማ የሚሠራበት መኪና ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ከሌላው መኪና አይሻልም።

ጭነት፦ ባዶ ፒክአፕ ከኋላ ቀላል ስለሆነ ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች አሸዋ የሞላ ጆንያ በኋላ ጎማው በላይ ጭነው በገመድ ያስራሉ። ካልታሰረ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይወረወራል። መኪናው ቢያዝም አሸዋው ጎማው ሥር ይበተናል።

ሰው ግን ከኋላ አይጫንም። ዜሮ ዲግሪ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ኋላ የተቀመጠች ሴት ፊትዋና እጅዋ ላይ የሚሰማት ብርድ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ያህል ነው። መኪናው ቢንሸራተት ደግሞ የሚይዛት ነገር የለም። ከዕቃው ጋር ተቀመጪ የተባለች እህት በትሕትና፣ ግን በግልጽ፣ «ላ ማዳም፣ በርድ ክቲር፣ ኸጠር» ትበል፤ «አይሆንም ማዳም፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ አደጋ አለው» ማለት ነው።

ውሃና ባትሪ፦ ባሕር ዳር ላይ ራዲያተሩን በተራ ውሃ ሞልቶ የሚነዳ ሰው አለ። ውሃ ሲረጋ ስለሚያብጥ ራዲያተሩን፣ ሞተሩንም ሊሰነጥቅ ይችላል። የማይረጋው ፈሳሽ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ሲደባለቅ ከዜሮ በታች እስከ 35 ዲግሪ ያህል ይቋቋማል። ያረጀ ባትሪም በብርድ ጉልበቱ ይከዳዋል። በካናዳ በኤድመንተን ያሉ ወገኖቻችን ሌሊት መኪናቸውን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክተው ሞተሩን ያሞቃሉ፤ የሊባኖስ ብርድ እዚያ ባይደርስም ባትሪው መታየት አለበት።

ከዚህ ሌላ መኪናው ውስጥ አካፋ፣ የእጅ ባትሪ፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድና ብርድ ልብስ ይኑር፤ ነዳጁም ከግማሽ በላይ ይሁን።

3. ሾፌሩ

በጀሊድ ላይ መኪና ለመቆም ከደረቅ መንገድ እስከ 10 እጥፍ ርቀት ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ሾፌር ከፊቱ ካለው መኪና ይርቃል፣ ፍሬን በድንገት አይረግጥም፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይወርዳል። ድልድይና ፀሐይ የማያገኘው ጥምዝ ቀድመው ይረጋሉ፤ ከምሽት እስከ ማለዳ ያለው ጊዜም ከሁሉ ይከፋል። ስለዚህ ጉዞ በቀን ይሁን። መንገዱ ክፍት መሆኑ በሬዲዮና በስልክ ይነገራል፤ ክፍት ከሆነ ሳልኬ፣ ከተዘጋ መቅጡዓ ይላሉ። ሰንሰለት ላለው ብቻ ክፍት የሚሆንበት ቀንም አለ።

እኛ ሾፌሩን አናዝዘውም። መጠየቅ ግን እንችላለን። «ፊ ጀናዚር ብሲያራ?» (መኪናው ውስጥ ሰንሰለት አለ?) ብላ የጠየቀች ሠራተኛ የቤቱን ልጆች ጭምር ትረዳለች።

4. እኛ ራሳችን

ልብስ ተደራርቦ ይለበስ። ሥጋ ላይ የሚያርፈው ጥጥ በላብ ሲርስ ያበርዳል፤ ሱፍ ይሻላል። ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ጓንትና ኮፍያ ያስፈልጋል። ሸበጥ ለበረንዳ እንጂ ለበረዶ አይሆንም። የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር በ2009 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ውል አሠሪው ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ስለዚህ ወደ ተራራ የምትወሰድ እህት ካፖርት መጠየቅዋ ድፍረት አይደለም። በራስዋ የምትገዛም በሲን ኤል ፊል የእሑድ ገበያ በርካሽ ታገኛለች።

በቦርሳ የኢቃማ ቅጂ ይያዝ፤ በዳህር ኤል ባይዳር ኬላ አለ። ቻርጅ የሞላ ስልክ፣ ውሃ፣ ዳቦ ወይም ቆሎ፣ የምትወስዱትም መድኃኒት ካለ አይረሳ። የምትሄዱበትን መንደር ስም ለአንዲት ጓደኛ ንገሩ። እነዚህን ቁጥሮች በቃል ያዙ፦ ቀይ መስቀል 140፣ ሲቪል መከላከያ 125፣ ፖሊስ 112። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ክፍያ አይጠይቅም።

5. መንገድ ቢዘጋብን

መኪናውን ትታችሁ በእግር አትሂዱ። በጉምና በበረዶ መንገድ ይጠፋል፤ መኪና ግን ከሰው ይልቅ ቶሎ ይገኛል። 125 ደውሉ፣ ያላችሁበትን ንገሩ።

ብዙ ሰው የሚሞትበት ስሕተት ይህ ነው፦ ሞተሩን አስነሥቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ሙቀት ከፍቶ መተኛት። በረዶ የጭስ ማውጫውን ሲደፍነው መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ በመጀመሪያ ማርሚታው ዙሪያ ያለው በረዶ ይጠረግ። ሞተሩ በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ይነሣ፤ ነፋስ በማይመጣበት በኩል መስኮቱ ጥቂት ይከፈት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከባድ እንቅልፍ ከመጣ ሞተሩን አስጠፍታችሁ አየር አስገቡ። «ራሲ ዓም ዩጃዕኒ» ማለት ራሴን አመመኝ ማለት ነው።

ይኸው መርዝ ቤት ውስጥም አለ። የመንደሩ ቤት ሲበርድ ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል መተኛት ገዳይ ነው። ቡና ያፈላንበት ምድጃ ፍሙ የጠፋ ቢመስልም ሌሊቱን ውጭ ይደር። ሶቢያ ያለበት ክፍልም የጭስ ቱቦው ያልተደፈነ መሆኑ ይታይ።

ጣት ወይም ጆሮ ነጭ ሆኖ ከደነዘዘ አትሹት፣ በበረዶም አትፈትጉት፣ እሳት ላይም አታስጠጉት። ዳግመኛ በማይበርድበት ቦታ ለብ ባለ ውሃ ይሙቅ። አልኮል ያሞቀ መስሎ ሰውነትን ያበርዳል። ለጥማት በረዶ አትብሉ።

6. ቃሉ ምን ያስተምረናል?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታችን የነገረንን የዐሥሩን ቆነጃጅት ምሳሌ እናውቃለን። ሁሉም መብራት ነበራቸው፤ ሁሉም አንቀላፍተዋል። የለያቸው አምስቱ ዘይቱን አስቀድመው መያዛቸው ነው። በእኩለ ሌሊት ዘይት መግዛት እንዳልተቻለ ሁሉ፣ ተራራ ላይ ሆኖ ሰንሰለትና ካፖርት መፈለግ አይቻልም። ዝግጅቱ ቤይሩት ሳለን ያልቃል።

በምሳሌ 31፥21 ደግሞ ብርቱዋ ሴት በረዶ ሲመጣ ስለ ቤተሰብዋ አትሰጋም፤ አስቀድማ አልብሳቸዋለችና። እኛ የሰውን ልጆች ሸፋፍነን እናለብሳለን፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ እናንተም ነፍስ ናችሁ፤ አገር ቤት በእናንተ የሚኖሩ እናትና ልጆች አሉ። ራሳችሁንም አልብሱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ባለፈው ክረምት ወደ ተራራ የወጣችሁ፣ ምን ይዛችሁ ነበር? ምን ጎደላችሁ?
ለ. የሦስቱን ስልክ ቁጥሮች ሳታዩ ለጎናችሁ እህት ንገሩ።
ሐ. ካፖርት ወይም የመኪና ውስጥ ቦታ ለመጠየቅ የምትፈራ እህት ብታገኙ እንዴት ትረዱዋታላችሁ?
መ. ከእሑድ ጉባኤ የማትወጣ፣ ከቤት እንድትወጣ ያልተፈቀደላት እህት የምታውቁ፣ ይህን ትምህርት በስልክ አንብቡላት።

የተረፈ ካፖርትና ጫማ ያላችሁ በመጪው እሑድ ይዛችሁ ኑ፤ ለሌላቸው ይከፋፈላል። እግዚአብሔር መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ። አሜን።