ኤሊና ጥንቸል በወገራ ደጋ

(ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህርና አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ አምባ ጊዮርጊስ)

ተማሪ፦ መምህር፣ ትንሹ ወንድሜ የኤሊና የጥንቸልን ውድድር ተምሮ መጣና «ኤሊ የት አለች?» ብሎ ያዘኝ። አይቼ ስለማላውቅ ዝም አልኩት።

መምህር፦ ከየት ታያታለሽ! እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ሊሞላ በተቃረበ ከፍታ ላይ ነው። ኤሊ ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይ ነው፤ ሲበርዳት ትደነዝዛለች። ጥንቸል ግን እንደ እኛ ከምትበላው ሙቀት ታወጣለች፣ በዚያ ላይ ፀጉር ለብሳለች። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሜዳውን ሲያነጣው ጥንቸሏ ሣሯን ትግጣለች፤ ኤሊ ብትመጣ እግሯንም ማንሣት ያቅታታል።

ተማሪ፦ ውድድሩ ቆላ ቢሆንስ?

መምህር፦ እዚያም አትቀድማትም። የአውሮፓ የዱር ጥንቸል ነፍሷን ለማዳን ስትሮጥ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ትደርሳለች፤ ኤሊ አንዷን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ከሰዓት በላይ ይፈጅባታል። ግን መሮጥ ምን ያደርግላታል? ጠላት ሲመጣ ራሷንና እግሯን ሰብስባ ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ትገባለች።

ተማሪ፦ ልብሷን አውልቃ ትወጣለች የሚሉትስ?

መምህር፦ ሐሰት ነው። የጀርባና የጎድን አጥንቷ ከዚያ ልብስ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ሲነኳትም ይሰማታል፤ ስለዚህ ልጆች ጀርባዋን በድንጋይ ሲቀጠቅጡ ሳይ አንጀቴ ያርራል። የጎድን አጥንቷ ስለማይላወስ ደረቷን አስፍታ እንኳን መተንፈስ አትችልም፤ አየር የምታስገባው ከውስጥ ባሉ ጡንቻዎች ነው።

ተማሪ፦ ጥንቸል ግን የተቀደመችው ተኝታ ነው። ስንፍና አይደለም እንዴ?

መምህር፦ ተረቱ የበደላት እዚህ ላይ ነው! ጥንቸል የምትሰማራው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ቀን ሣር መሃል ለጥ ብላ ትውላለች። የዱሯ ጥንቸል ቤት ውስጥ እንደሚያረቧት እንደ ፈረንጅ ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ መደበቂያዋ አለመነቃነቋ ነው። ቀበሮ አጠገቧ እስኪደርስ ትታገሥና ተስፈንጥራ ታመልጣለች። ሌሊቱን ሙሉ ስትለፋ ያደረችን ፍጥረት በቀን አወዳድሮ «ተኛች» ብሎ መስደብ ግፍ ነው።

ተማሪ፦ እንግዲህ ማንኛቸው ይሻላሉ?

መምህር፦ የተለያየ ኑሮ ነው ያላቸው። ጥንቸል ጥቂት ዓመት ኖራ ቶሎ ቶሎ ትወልዳለች። ኤሊ ዝግ ብላ ታድጋለች፣ ዝግ ብላ ታረጃለች። በሴንት ሄለና ደሴት የሚኖረው ጆናታን የሚባለው ግዙፍ ኤሊ በ1824 ዓ.ም. ገደማ እንደተፈለፈለ ይገመታል። ዓፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ስሜን፣ ደረስጌ ማርያም፣ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲደፉ እሱ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር ማለት ነው።

ተማሪ፦ ልጆቻቸውንስ እንዴት ያሳድጋሉ?

መምህር፦ ኤሊ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ቀብራ ትሄዳለች፤ የቀረው የፀሐይ ሥራ ነው። በብዙዎቹ የኤሊ ዓይነቶች ጾታውን እንኳ የሚወስነው የአፈሩ ሙቀት ነው፤ ሲሞቅ ሴት፣ ቀዝቀዝ ሲል ወንድ ይወጣል።

ተማሪ፦ በአፈር ሙቀት? ይኼን መጽሐፋችን ላይ አላየሁትም።

መምህር፦ አዎ፣ በአፈሩ ሙቀት ነው። የጥንቸል ግልገል ደግሞ ፀጉር ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ ትወለዳለች። እናቷ አጠገቧ አትውልም፤ ብትውል አውሬ ትጠራባታለችና። ሲመሽ መጥታ አጥብታት ትሄዳለች። ስለዚህ ወንድምሽ ሣር ውስጥ ብቻዋን የተኛች ግልገል ቢያገኝ «እናት የላትም» ብሎ እንዳያነሣት አጥብቀሽ ንገሪው። ቤት ያመጧት ብዙ ጊዜ አትተርፍም።