ትል የሚቋቋም ዘር በደቡብ አፍሪካ

ገበሬ ዘር የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ፍሬው የሞላውን፣ ትል ያልበሳውን ለይቶ ለከርሞ ያስቀምጣል። ዛሬ የምናነበው ግን በዓይን ስለማይለይ ዘር ነው።

በአፈር ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይኖራሉ። ከነሱ አንዱ፣ በአጭሩ «ቢቲ» የሚባለው፣ አንዳንድ ትሎችን የሚገድል መርዝ ይሠራል። የሳይንስ ሰዎች ይህን ባሕርይ ከባክቴሪያው ወስደው በጥጥና በበቆሎ ውስጥ አስገቡት። ትሉ ተክሉን ሲበላ አንጀቱ ይቆስላል፤ ይሞታል።

በደቡብ አፍሪካ ማካቲኒ የሚባል ሜዳ አለ። እዚያ ትንሽ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ዝናብ ጠብቀው ጥጥ ይዘሩ ነበር። ጓይ ትል ፍሬውን እየበሳ አስቸገራቸው። መድኃኒት ለመርጨት ውሃ ከሩቅ መቅዳት፣ መርጫውን አዝሎ ማሳውን መዞር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቢቲ ጥጥ ዘሩ። ርጭቱም ቀነሰ፤ ግን ጨርሶ አልቀረም፤ ቢቲ ክሽክሽን አይገድልምና። ዘሩ ደግሞ ውድ ነው፤ በብድር ነበር የሚገዛው። እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ ብድሩ ሲቋረጥ ብዙዎቹ ጥጥ መዝራት ተዉ።

አሁን ወደ በቆሎው እንምጣ። አገዳ ቆርቁርን እኛም አገር እናውቀዋለን። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቢቲ በቆሎ ከተዘራ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ቢቲ የማይገድለው አገዳ ቆርቁር መገኘቱ ታወቀ። ይህ እንዴት ሆነ? ከብዙ ትል መሀል ጥቂቱ መርዙን ይችላል። ማሳው ሁሉ ቢቲ ከሆነ የሚተርፈው ይኸው ብቻ ነው። እርስ በርሱ ይዋለዳል፤ ይበዛል። ስለዚህ ከማሳው አጠገብ ተራ በቆሎ እንዲዘራ ታዞ ነበር። እዚያ ያደገው ደካማ ትል የእሳት ራት ሆኖ ከጠንካራው ጋር እንዲዳቀል፣ ልጆቻቸውንም ቢቲ እንዲገድላቸው ታስቦ ነው። «ለትል ማሳ ልተውለት እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እዚያም ብዙ ገበሬ እንዲሁ ብሎ ተራውን ሳይዘራ ቀረ።

በአካባቢው ያሉ አገሮች ሁሉ በአንድ መንገድ አልሄዱም። እ.ኤ.አ. በ2002 ችጋር ገብቶ ሳለ ዛምቢያ እንዲህ ያለውን የእርዳታ በቆሎ አልቀበልም አለች። ዚምባብዌና ማላዊ ግን ተፈጭቶ ይግባ አሉ፤ ዱቄት አይዘራምና።

በኢትዮጵያ ቢቲ ጥጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ለመወያያ፦ ማሳችሁ ከጎረቤት ማሳ ጋር የተያያዘ ነው። ሁሉም ቢቲ ቢዘራ፣ ተራው ዘር የሚዘራው በማን መሬት ላይ ይሁን? ትል ለበላበትስ ማን ይካሰው?