በልግስና ስለ መስጠት፤ ለቡሌና ለዲላ ምእመናን የሚሆን ትምህርት

የሰውን ልብ ፈጥኖ ከሚገልጡት ነገሮች አንዱ ገንዘብ ነው። በአፉ እግዚአብሔርን እወዳለሁ የሚል ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከረጢቱን ሲፈታና ሲቋጥር በእውነት የሚወደው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ስለዚህም ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ገንዘብ ደጋግሞ አስተማረ። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው፥ የክርስቲያን ስጦታ በምን ይመዘናል? የሚለውን ነው።

1. ስለ ስጦታ ሚዛን

በማርቆስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ጌታ በመቅደስ በመዝገቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰዎች ገንዘብ ሲጥሉ ይመለከት ነበር። ባለጠጎቹ ብዙ ጣሉ፤ አንዲት ድሀ መበለት ግን ሁለት ትንንሽ ሳንቲሞች ጣለች። ጌታም ከሁሉ አብልጣ የሰጠች እርስዋ እንደ ሆነች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው፤ ሌሎቹ ከትርፋቸው፥ እርስዋ ግን ከኑሮዋ ሰጥታለችና። ሰው የሚቈጥረው ከእጅ የወጣውን ነው፤ እግዚአብሔር ግን በእጅ የቀረውንም ያያል።

ይህን ነገር በአገራችን ምሳሌ እንመልከተው። በዲላ ያለ ነጋዴ በቡና ወራት 1,000 ብር ቢሰጥ መልካም አደረገ። በቡሌ ደጋ ያለች መበለት ደግሞ የምትሰጠው ብር ባይኖራት፥ ከጓሮዋ አንድ እንሰት ቈርጣ ለተራበ ሰው ብትሰጥ፥ ስጦታዋ ምን ያህል ነው? እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ ዘሩና እንደ አየሩ ከ4 እስከ 7 ዓመት፥ በብርድ አገርም ከዚያ በላይ ይቈያል። በዚህ ዘመን ሁሉ ይኰተኰታል፥ ፍግም ይደረግለታል። ከተቈረጠም በኋላ ሴቶች ግንዱን ይፍቃሉ፥ ሥሩን ይወቅጣሉ፥ በቅጠል ሸፍነው በጕድጓድ ያኖሩታል፤ ቆጮው እስኪብላላም ሳምንታት ያልፋሉ። እንግዲህ ያች መበለት የሰጠችው የአንድ ቀን ምሳ አይደለም፥ የብዙ ዓመት ድካምዋን ነው እንጂ። በሰው መዝገብ ግን ስምዋ ከነጋዴው በታች ይጻፋል፤ ምናልባትም ከቶ አይጻፍም።

2. ሰው ላለመስጠት ስለሚያቀርበው ምክንያት

አንደኛው፥ ያለኝ ጥቂት ስለ ሆነ ባለጠጋ ስሆን እሰጣለሁ የሚል ነው። ነገር ግን በጥቂቱ ያልተፈታ እጅ በብዙው ይፈታ ዘንድ ማን ዋስ ይሆናል? ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በ2ኛው መልእክቱ በ8ኛው ምዕራፍ የመቄዶንያን ምእመናን ያመሰግናል፤ እነርሱ በድህነታቸው ሳሉ፥ ከመስጠት እንዳይከለከሉ ለምነው ነበርና።

ሁለተኛው፥ የቡናው ገንዘብ ሲገባ እሰጣለሁ የሚል ነው። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፥ ገንዘቡም ይገባል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተበደረው አለ፥ ድግስም አለ፥ መጠጥም አለ። ጥር ሲያልፍ ለእግዚአብሔር የታሰበው የት ሄደ? ስለዚህ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 እያንዳንዱ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ገቢው መጠን ለይቶ ያኖር ዘንድ አዘዘ። አስቀድሞ ያልተለየ ገንዘብ ሁልጊዜ ሌላ ጌታ ያገኛል።

ሦስተኛው፥ ይህ የሚሲዮን ሥራ ነው፥ ገንዘቡም ከውጭ አገር ይመጣል የሚል ነው። እንዲህ የሚል ሰው ቤተ ክርስቲያንን የሌላ ሰው ቤት አድርጎ ይቈጥራታል። ከአባያ ሐይቅ ማዶ ያሉትን የወላይታን ወንድሞቻችንን እናስብ። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ፥ በ1929 ዓ.ም.፥ ሚሲዮናውያን ከዚያ ሲወጡ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ገንዘብ ከውጭ የሚልክላቸው አልነበረም፤ መሪዎቻቸውም ታሰሩ። ምእመናኑ ግን ለእስረኞቹ ምግብ አቀበሉ፥ የጸሎት ቤት በገዛ እጃቸው ሠሩ፥ ወንጌላውያንንም ከቤታቸው መገቡ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ።

3. ከስጦታ በፊት ስለሚቀድም ጽድቅ

የቡና ለቃሚውን ደመወዝ ከልክሎ ምጽዋት የሚያመጣ ሰው የሰጠው የራሱን አይደለም፥ የለቃሚውን ነው። ያዕቆብ በ5ኛው ምዕራፍ የተከለከለ የሠራተኛ ዋጋ ራሱ እንደሚጮህ አስጠንቅቆአል። ደግሞም ልጆቹን አስርቦ በጉባኤ ፊት የሚመጸውት ሰው ሰውን ሊያስደስት ይፈልጋል እንጂ እግዚአብሔርን አያከብርም። ባልም ቆጮ ሲሰጥ የፋቀችው ሚስቱ እንደ ሆነች አይርሳ፤ አስቀድሞ ይማከራት፥ የስጦታውም ክብር የሁለቱ ይሁን።

እንዲሁም መስጠት ንግድ አይደለም። አንድ ብር ሰጥቼ አሥር እቀበላለሁ ብሎ የሚሰጥ ሰው አበደረ እንጂ አልሰጠም። ድኅነትም በገንዘብ አይገዛም፤ ክርስቶስ በደሙ ከፍሎታልና። እኛ የምንሰጠው እንድንቀበል አይደለም፥ አስቀድመን ስለ ተቀበልን ነው እንጂ።

4. በጭንቅ ጊዜ ስለ መስጠት

በሐዋርያት ሥራ በ11ኛው ምዕራፍ፥ በዓለም ሁሉ ረኃብ እንዲመጣ በተነገረ ጊዜ የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ላኩ። እንዲህ ያለው ቀን ወደ እኛም አገር መጣ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ከ800,000 የሚበልጡ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ አብዛኞቹም ወደ ጌዴኦ ምድር ገቡ። መጠለያቸው አብያተ ክርስቲያናት፥ ትምህርት ቤቶችና የዘመድና የጎረቤት ቤቶች ሆኑ። ጌዴኦ መሬቱ ጠባብ፥ ሕዝቡም እጅግ የበዛ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ እንዲሁም ሆኖ ጠባቡ ቤት እንግዳ ተቀበለ። የእርዳታ መኪና ከመድረሱ በፊት የተራበው የሚበላው ከጎረቤቱ ድስት ነው።

እንግዲህ ያን ጊዜ የተከፈተው እጅ በሰላሙ ቀን ስለ ምን ይጨበጣል? የታመመ፥ የትምህርት ቤት ክፍያ ያጣ ልጅ፥ ያረጀ ወንጌላዊ ዛሬም በመካከላችን ነው። ችግር ሲበዛ ብቻ የሚሰጥ ሰው የሚያነቃው ልቅሶ ነው፤ ክርስቲያንን ግን ፍቅር ያነቃው ዘንድ ይገባል።

5. ስለ ሥርዓቱ

ገንዘብ በገባ ቀን፥ ምንም ሳይገዛ፥ የሚሰጠው ይለይ። ብር የሌለው ከእንሰቱ፥ ከገብሱ ወይም ከጉልበቱ ይለይ። በጉባኤ የተሰበሰበውም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቈጠር፤ ጳውሎስ ራሱ በስጦታው አገልግሎት ማንም እንዳይነቅፈው ከሌሎች የታመኑ ወንድሞች ጋር አደረገው። ገቢውና ወጪው በምእመናን ፊት ይነበብ። ሒሳብ ሲሰወር የሰጪው ፍቅር ይቀዘቅዛልና።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች

ባለፈው የቡና ወራት ከገቢዬ አስቀድሜ የለየሁት ምን ያህል ነው? ከሰጠሁስ በኋላ በእጄ የቀረው ስንት ነበር? የምከፍለው የሠራተኛ ዋጋ በእኔ ዘንድ አለን? በቅርቤ ያለ፥ እኔ ዐውቄው ሌላው የማያውቀው ችግረኛ ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፥ ለኋለኛው ጥያቄ ስም ካገኘህለት እስከ ነገ አታቈይ፤ ዛሬ ወደ ቤቱ ሂድ። ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድሀ የሆነው ጌታ ልብህን ያስፋ። አሜን።