የእንጨት ፎርኖ ልባስ፦ ፑሚስ፣ አመድ ወይስ የፋብሪካ ሱፍ?

በዲምቱ ከተማ በእንጨት የሚሠራ ዳቦ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰላው የዱቄትና የቤት ኪራይ ዋጋ ነው። ፎርኖውን ግንበኛ ጠርቶ በጡብና በጭቃ ያሠራል፤ ግድግዳው በወፈረ መጠን ሙቀት አያስወጣም ብሎም ያምናል። ሒሳቡ የሚፋለሰው እዚህ ላይ ነው። የዱቄት ዋጋ ሲጨምር ጭማሪውን በዳቦው ላይ ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ በግድግዳ በኩል ለሚያመልጥ ሙቀት ግን የሚከፍል ደንበኛ የለም።

ጡብ፣ ድንጋይና የተጠቀጠቀ ጭቃ ሙቀት ያከማቻሉ። ማከማቸትና ማገድ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እንደሚታወቀው በእንጨት ፎርኖ እሳቱ ለሰዓታት ከነደደ በኋላ ፍሙ ይጠረጋል፤ ዳቦው የሚበስለው ወለሉና ግድግዳው ባጠራቀሙት ሙቀት ነው። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ከባድ ነገር ያስፈልጋል። ለአነስተኛ ፎርኖ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጡብ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ጡብ በየማለዳው በእንጨት መሞቅ ያለበት ዕዳ ነው። በምትኩ ከጡቡ ውጭ ቀላልና በውስጡ ብዙ አየር የያዘ ልባስ ይደረጋል፤ ሙቀቱን የሚያግደው ይኸው የታሰረ አየር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ የፑሚስ ጠጠር ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ጡብ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል ማለት ይቻላል።

ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ከሐዋሳ ሰሜን ምዕራብ ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አካባቢ በፑሚስ ክምችቱ ይታወቃል፤ ዲምቱ ደግሞ ሶዶን ከሐዋሳ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ትገኛለች። ለቤት ማብሰያ መዋሉም አዲስ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው «ምርት» የተባለው የእንጀራ ምድጃ የሚሠራው ከፑሚስና ከሲሚንቶ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል ይባልለታል (የቁጠባው ትልቁ ድርሻ እሳቱን ከመክደኑ የመጣ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም)።

ችግሩ ፑሚስ በቢያጆ የሚገዛ መሆኑ ነው። የውጭ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ክብ ጣሪያ ያለው ፎርኖ በ15 ሳንቲ ሜትር ልባስ ቢሸፈን የሚፈጀው ግማሽ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ሲባል ሙሉ መኪና ማስጫን ኪሳራ ነው። የተሻለው መንገድ ከብሎኬት አምራች በጋሪ መግዛት ነው። ሲገዙም አንድ ፍሬ አንስተው ውሃ ላይ ይጣሉት፤ ጥሩ ፑሚስ ይንሳፈፋል። ዱቄቱን በወንፊት ያስወግዱ፤ በጠጠሮቹ መካከል ያለውን አየር የሚሞላው እርሱ ነውና። ጠጠሩን ለማያያዝ ጥቂት ሲሚንቶ ይበቃል፤ ለአንድ እጅ ሲሚንቶ ስምንት እጅ ፑሚስ። ሲሚንቶ ሲበዛ ልባሱ ወደ ተራ ኮንክሪት ይጠጋል። ውስጠኛውን ጡብ ግን በሲሚንቶ አያስገንቡ፤ ሲሚንቶ ከ300 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲደጋገምበት ይሰነጣጠቃል። የሸክላ ጭቃ ይሻላል።

አመድስ? ዳቦ ቤቱ ራሱ የሚያመርተው ነፃ ዕቃ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ሙቀት በማገድ ከፑሚስ አያንስም። ይሁንና እያደር ይወርዳል፣ ከላይ ክፍተት ይተዋል፤ በየጊዜው መሙላትና በውጭ ግድግዳ መታቀፍ አለበት። ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ከቀጭን ጭቃ ጋር ተለውሶ ሲለሰንም ጥሩ ነው፤ ግን እሳቱን ከሚነካው ጡብ በጥቂቱ ራቅ ብሎ ከፑሚሱ ቀጥሎ ቢሆን ይመረጣል።

የፋብሪካ ሱፍ ነገር ሌላ ነው። ሴራሚክ ሱፍ ከ1 ሺህ ዲግሪ በላይ ይችላል፤ ሆኖም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል፣ ብናኙም ለሳንባ ጎጂ ነው። ተራው ፋይበር ግላስ ደግሞ ማጣበቂያው በ250 ዲግሪ አካባቢ መቃጠል ስለሚጀምር ለዚህ ሥራ አይሆንም። አሮጌ ኢተርኒት ሰባብሮ መጠቀም ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ ካንሰር የሚያመጣው አዝቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል።

ወለሉ የሚረሳው ቦታ ነው። ዳቦው የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ መሠረቱ ከሰረገ የዳቦው ታች ሳይበስል ይቀራል። እዚህ ክብደት የሚሸከም ልባስ ያስፈልጋል። የፑሚስ ብሎኬት ወይም በጭቃ ውስጥ የተደረደሩ ባዶ ጠርሙሶች ይሆናሉ። (የቢራ ጠርሙስ መያዣ ያለበት መሆኑን አስልቶ ነው ታዲያ!)

ከሁሉም ልባስ ጠላት ውሃ ነው። ፎርኖው ጣሪያ ከሌለውና 30 ሊትር ዝናብ ከጠጣ፣ ያንን ለማትነን ብቻ በትንሹ 5 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይነዳል፤ አብዛኛው ሙቀት በአፉ ስለሚወጣ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ከበጀቱ መጀመሪያ የቆርቆሮው ወጪ ይቀነስ። አዲስ ፎርኖም ለተከታታይ ቀናት በትንሽ እሳት ይድረቅ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለምሳሌ ፎርኖው በቀን 40 ኪሎ እንጨት ይፈጃል እንበል። ልባሱ ሩቡን ቢያድን በቀን 10 ኪሎ፣ በ26 የሥራ ቀናት 260 ኪሎ፣ በዓመት 3 ሺህ 120 ኪሎ ይተርፋል። ይህንን በሠፈርዎ የእንጨት ዋጋ ያባዙትና ከፑሚሱ፣ ከማጓጓዣውና ከግንበኛው ክፍያ ጋር ያስተያዩት። ልባሱ አንድ ጊዜ የሚወጣ ቋሚ ወጪ ነው፤ እንጨቱ ግን በየቀኑ ይገዛል። ሩብ ያልኩት ለስሌት ያህል ነውና ፎርኖ ያለው ሰው ከማልበሱ በፊት አንድ ሳምንት፣ ካለበሰ በኋላም አንድ ሳምንት እንጨቱን በሚዛን ይመዝን፤ በአንድ ማንደጃ ስንት ዙር ዳቦ እንደወጣም ይመዝግብ።