በእርግዝና ጊዜ ጥርስዎን ከአሲድ ይጠብቁ

ለእርግዝና ክትትል ወደ ክሊኒክ ከሚመጡ እናቶች መካከል «ጽንሱ ጥርሴን እየበላብኝ ነው» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። አንድ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ጥርስ መሄዱ የማይቀር ነው ብለው የሚያምኑ ባለትዳሮችም አሉ። እንዲህ ያለው እምነት ጉዳት አለው፤ የማይቀር ነው የተባለን ነገር ለመከላከል ማንም አይነሳምና።

ጽንሱ ለአጥንቱና ለጥርሱ መሥሪያ የሚሆነውን ካልሲየም የሚያገኘው እናቱ ከምትመገበው ምግብ ነው። ምግቡ ካላሟላ ከእናቲቱ አጥንት ሊወሰድ ይችላል፤ ከጥርሷ ግን አይወሰድም። በእርግዝና ጊዜ ጥርስን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ልብ የማይባለው፣ አሲድ ነው። የአሲድን ጉዳት ደግሞ በቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር መቀነስ ይቻላል።

ኢናሜል ምንድን ነው?

ጥርስን ከላይ የሚሸፍነው ነጭና ጠንካራ ልባስ ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ እንደ ኢናሜል የሚጠነክር ነገር የለም፤ ከአጥንትም ይበልጣል። ከመቶ 96 ያህሉ ካልሲየምና ፎስፌት ያሉበት ማዕድን ነው። ይሁን እንጂ ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለው፣ የተሰበረ አጥንት እንደሚጠግነው ራሱን መልሶ መሥራት አይችልም። ታጥቦ የሄደ ኢናሜል ዳግመኛ አይበቅልም።

የአሲድ ኃይል የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። በአፍ ውስጥ ያለው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 2.5፣ ኮካ ኮላ 2.5 ገደማ፣ የጨጓራ አሲድ ደግሞ ከ1.5 እስከ 3.5 ይደርሳል።

አሲድ የነካው ኢናሜል ለጊዜው ይለሰልሳል። ምራቃችን አሲዱን ያጥባል፤ በውስጡ ባለው ካልሲየምና ፎስፌትም የለሰለሰውን ገጽ ቀስ በቀስ መልሶ ያጠነክረዋል። ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል።

አሲዱ ከየት ይመጣል?

ከነፍሰ ጡሮች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያቅለሸልሻቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ማቅለሽለሹ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምርና በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ይቀንሳል። በየቀኑ የምታስመልስ እናት የጨጓራዋ አሲድ በየቀኑ ጥርሷን ያገኘዋል፤ በተለይ የሚጎዳው የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የውስጥ ገጽ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚመጣው ቃርም አሲዱን ወደ አፍ ሊያወጣ ይችላል።

ሌላው ምንጭ ለማቅለሽለሹ መድኃኒት ተብሎ የሚወሰደው ነገር ነው። ለባሕር ዳር ሰው ሎሚ ሩቅ አይደለም፤ በቡናዋ፣ በጌሾዋና በሎሚዋ የምትታወቀው ዘጌ ጣና ዳር ናት። ብዙ እናቶች ካስመለሱ በኋላ የአፋቸውን ጣዕም ለመለወጥ ሎሚ ይመጣሉ፤ ወይም ለስላሳ ይጠጣሉ፤ ቀጥሎም ሽታው እንዲጠፋ ጥርሳቸውን አጥብቀው ይቦርሻሉ። በመጀመሪያ የጨጓራው አሲድ ኢናሜሉን አለሰለሰው፤ ሎሚው በላዩ ላይ ሌላ አሲድ ጨመረበት፤ ብሩሹ ደግሞ የለሰለሰውን ፍቆ ወሰደው። ንጽሕና ለመጠበቅ የተደረገው ነገር ጉዳቱን አባባሰው ማለት ነው።

ካስመለሰዎት በኋላ ምን ያድርጉ?

1. ወዲያውኑ ጥርስዎን አይቦርሹ፤ በመፋቂያም አይፋቁ።

2. አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡና ተጉመጥምጠው ይትፉት። ሶዳው የአሲዱን ኃይል ይሰብራል። አይዋጡት። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ስለሆነና ራሱም አሲድ ስላለበት በሶዳው ቦታ አይጠቀሙበት። ሶዳ ከሌለ በንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግመው ይጉመጥመጡ።

3. ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆዩ፤ ምራቅዎ ሥራውን ይሥራ።

4. ከዚያ በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና፣ ሳይጫኑ፣ ይቦርሹ። በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ብሩሹ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ የሕፃናት ብሩሽ ይሞክሩ፤ ሳሙናውንም ይቀንሱ። መፋቂያ የሚጠቀሙ ጫፉን እስኪለሰልስ አኝከው ይፋቁ፤ መፋቂያው ፍሎራይድ ስለሌለው ሳሙናውን አይተዉ።

ሎሚ ይቅር ማለት ነውን?

አይደለም። ሎሚውን ከመምጠጥ ቆርጠው ማሽተት ይሻላል፤ ሽታው ብቻውን የሚያረጋጋቸው እናቶች አሉ። ቀለል ያለ የዝንጅብል ሻይም ማቅለሽለሽን ይቀንሳል። በምሳ ሰዓት ዓሣ ላይ የሚንጠባጠብ ሎሚ ብዙም አያስፈራም፤ በምግብ ጊዜ ምራቅ ይበዛልና። የሚጎዳው ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያሉ መምጠጥና መጠጣት ነው። ጁስ ቤት ሲገቡ አቮካዶው ላይ ሎሚ እንዳያበዙ ይንገሩ፤ ለስላሳም ከጠጡ በአንድ ጊዜ ጨርሰው በውሃ ይጉመጥመጡ። አምቦ ውሃ ብቻውን ከለስላሳ መጠጥ እጅግ የቀለለ ነው፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ጥርስን ለማንጻት በሎሚና በጨው ማሸት ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ከባል ምን ይጠበቃል?

ባለቤትዎ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚቀምሱት ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት፣ የሶዳውንም ውሃ አጠገባቸው ያኑሩላቸው። ሆድ ባዶ ሲሆን ማቅለሽለሹ ይብሳል። የቁሌት ሽታ የሚያስመልሳቸው ከሆነ ድስቱን እርስዎ ይጣዱት። የራስዎንም ጥርስ አይርሱ፦ ጫት አፍን ያደርቃል፤ በላዩ ላይ ለሰዓታት የሚጠጣው ኮካ ደግሞ ምራቅ ያነሰውን ጥርስ አሲድና ስኳር ያጠግበዋል።

ምልክቶቹ

ጥርስ ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ሲነካው መዘርዘር፣ የፊት ጥርስ ጫፍ መሳሳትና ብርሃን ማሳለፍ፣ ከሥር ያለው ቢጫ ክፍል መታየት የኢናሜል መሳሳት ምልክቶች ናቸው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለምሳሌ በወንጂ ባደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ግን በልጅነት ከተጠጣ ፍሎራይድ ከበዛበት ውሃ የሚመጣ ስለሆነ ከዚህ የተለየ ነው።

እርጉዝ ነኝ ብለው የጥርስ ሕክምናን አያዘግዩ። መመርመር፣ ማስሞላት፣ ካስፈለገም ማስነቀል በእርግዝና ጊዜ ይቻላል፤ እርጉዝ መሆንዎን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። የብረት እንክብሉ አስመለሰኝ ብለውም በራስዎ አያቋርጡ፤ አዋላጅ ነርሷን ያማክሩ፤ የሚወስዱበትን ሰዓት መለወጥ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሆድዎ አልይዝ ካለ፣ ሽንትዎ ካነሰና ከጠቆረ፣ ሲቆሙ ካዞረዎት፣ ትውከቱ ደም ካለበት፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም ከተሰማዎት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከአምስተኛው ወር በኋላ ትውከት ከብርቱ ራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ቢመጣ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ፤ በባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይድረሱ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለሚቀጥለው ክትትል ሲመጡ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስመልስዎትና ጥርስዎ ይዘረዝርዎት እንደሆነ ሳይጠየቁ ይንገሩን። ባለቤትዎም አብረው ቢመጡ ደስ ይለናል።