ውሃው ተራራ ውስጥ ገብቶ የት ይወጣል?

በአርባ ምንጭ ከተማ ሁለት ትልልቅ ሰፈሮች አሉ። የታችኛው ሲቀላ ይባላል። የላይኛው ሼቻ ነው። ከሲቀላ ገበያ ውላ፣ ሸክሟን ይዛ ወደ ሼቻ የምትወጣ እናት ዳገቱን በጉልበቷ ታውቀዋለች። ይህ ዳገት ግን እንዲያው ዳገት ብቻ አይደለም። መሬት ተሰብሮ አንዱ ወገን ሲወርድ ሌላው ከፍ ብሎ የቀረበት ደረጃ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ቦታ ፎልት ይሉታል። እኛ እዚህ ላይ ስብራት እንለዋለን።

እስቲ ከሼቻ ጫፍ ቆመን ወደ ምሥራቅ እንመልከት። በግራ አባያ ሐይቅ፣ በቀኝ ጫሞ ሐይቅ ይታያል። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ከፍታ አለ። ከዚያ ማዶ የነጭ ሳር ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ደግሞ የአማሮ ተራራ ይነሣል። ዞር ብለን ወደ ምዕራብ ስናይ የጋሞ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። የጉጌ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ሐይቆቹ ግን ከ1,200 ሜትር ዝቅ ይላሉ። ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ?

የጋሞ ገበሬ ያለ ጭቃ የሚክበውን የድንጋይ ካብ አስቡ። የካቡ ሁለት ጫፎች ቢራራቁ መካከል ያሉት ድንጋዮች ምን ይሆናሉ? ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ስምጥ ሸለቆም የተፈጠረው እንደዚሁ ነው። ምሥራቁና ምዕራቡ ሲራራቁ መካከሉ ሰመጠ። አማሮ በሁለት ስምጦች መካከል ሳይወርድ የቀረ ቁራጭ ነው። በጋሞና በአማሮ በኩል ያሉት አሮጌዎቹ ጥቁር ድንጋዮች፣ ባዛልት የሚባሉት፣ ከ35 እስከ 45 ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ ዕድሜ አላቸው። የሰሜን ተራሮች ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ የእኛዎቹ ታላላቆች ናቸው። የእግዜር ድልድይ ግን ገና ልጅ ነው፤ እዚያ አካባቢ እሳተ ገሞራ የፈነዳው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት ወዲህ ነው።

መራራቁ ዛሬም አልቆመም። በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የጣታችን ጥፍር እንኳ ከዚያ በብዙ ይበልጥ ያድጋል። አንዳንድ ጊዜ ግን መሬት ዝምታውን ይሰብራል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ ደባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አስለቅቋል።

ታዲያ እነዚህን ነገሮች ባለሙያ እንዴት ያውቃል? መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ ማስታወሻ ደብተርና ብዙ እግር ይፈልጋል። እኛ በጨንቻ መንገድ ስንወጣ ከመንገዱ ዳር አንድ ነጣ ያለ ትልቅ ድንጋይ አየን። መታነው፣ ሰበርነው፣ መዘገብነው። ከብት የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ቆሞ ያየናል። ሳቀ። «ይሄ እኮ የዚህ አገር አይደለም፤ ባለፈው ዝናብ ከላይ ተንከባሎ የመጣ ነው» አለን፤ በዱላውም ገደሉን አሳየን። እውነቱን ነው። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ስለ ቆመበት ቦታ ምስክር አይሆንም። ገጹን ሰርዘን ወደ ገደሉ ወጣን። ይህን በክፍል ውስጥ ተምረነው ነበር፤ ልጁ ግን ሳይማረው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ደጋው ላይ ዝናብ ይበዛል። ከዝናቡ ከፊሉ በወንዝ ይወርዳል፤ ከፊሉ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ ይሰርጋል። ስብራቱ እንደ ቦይ ሆኖ ውሃውን ከምድር በታች ወደ ቆላ ይመራዋል። ከዳገቱ ግርጌ ሲደርስ ግን ሐይቆቹ በጥንት ዘመን የተዉት ሸክላማ ደለል ያጋጥመዋል። ሸክላ ውሃ አያሳልፍም። ማሰሮ የሚሠራበት ለዚሁ አይደል? ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። አርባዎቹ ምንጮች እነዚህ ናቸው። አርባ የተባለው ብዙ ለማለት ነው እንጂ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው አላጋጠመንም። ከሼቻ በታች ያለው ጥቅጥቅ ደን የሚጠጣው ከዚሁ ውሃ ነው፤ የከተማው ሕዝብም እንዲሁ።

ይህ ውሃ ትልቅ ሀብት ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛና ሲቆይ አጥንትም ያጎብጣል። ውሃው ጥሩ ይመስላል፣ ጣዕሙም አይለይም። ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር «ውሃ ወጣ» ብሎ እልል ከማለት በፊት ማስመርመር ያስፈልጋል።

የቀረው ዝናብ አፈር ይዞ ይወርዳል። አባያ ቀይ የሆነው በዚህ ነው። ሐይቁ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከ13 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነፋሱ ደቃቁን ጭቃ ሁልጊዜ ስለሚያማታው አይጠራም። ጭቃው ቀስ እያለ ይዘቅጣል፤ በየዓመቱ ሽፋን በሽፋን ላይ ይደረባል። እንዲህ ያለ ደለል የዘመን መዝገብ ነው። በ2007 ዓ.ም. ከጋሞ በስተደቡብ ባለው በጨው ባሕር ሜዳ ተመራማሪዎች ወደ 280 ሜትር ያህል ቆፍረው ደለል አወጡ። ከዚያም የ620 ሺህ ዓመት ያህል የዝናብና የድርቅ ታሪክ አነበቡ። መዝገቡ ለእነርሱ ደስታ ነው። ለገበሬው ግን ያ ቀይ ቀለም የራሱ ማሳ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አፈሩ በጥቂት በጥቂቱ አይወርድም። በደጋው ቁልቁለት ላይ ዐለቱ በስብሶ ወፍራም ቀይ አፈር ሆኗል። ከሥሩ ግን ጠንካራ ዐለት አለ። ዝናቡ ቀናት ሲደጋግም አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ በአፈሩና በዐለቱ መካከል ያለው ቦታ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ያን ጊዜ ኮረብታው እንዳለ ይሄዳል። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነው ይኸው ነው። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ናቸው። እነርሱ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው።

ጎረቤት ሲቀበር አትሂዱ ማንም አይልም። ግን አንድ ሰው ከፍ ካለ፣ ከናዳው መንገድ ውጭ ከሆነ ቦታ ቆሞ ላይኛውን ስንጥቅ ይጠብቅ፤ ሲንቀሳቀስ ይጩህ። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፤ ሌላው ሕዝብ ከጎን ይቁም። የተነሣ ቁልቁለት አንድ ጊዜ ብቻ አይወርድም።

ናዳ ብዙ ጊዜ ምልክት አለው። ከቤት በላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል። ዛፍና የአጥር እንጨት ያዘነብላል። ንጹሕ የነበረ ምንጭ ይደፈርሳል፣ ወይም ከሌላ ቦታ ብቅ ይላል። በር አልዘጋ ይላል።

ከዶርዜ በላይ ባለች መንደር አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው በላይ ያለ ስንጥቅ አሳዩን። «አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልናቸው። «ካለፈው በልግ ወዲህ ነው። ልጆቼ ድሮም ነበረ ይላሉ» አሉ። ማን ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ካስማ ተከልን። በሁለቱ መካከል ገመድ ወጥረን ልኩን በቋጠሮ ያዝን። በየገበያው ቀን እንዲለኩት ተስማማን። በአራተኛው ገበያ ስንመለስ ገመዱ ሁለት ጣት አጠረ። ልጆቹ ደጋግመው ለኩት። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። በዚያው ሳምንት ምሰሶውንና ሳንቃውን እየተሸከሙ ወንድማቸው ግቢ፣ ከተረተሩ ጀርባ፣ ወሰዱት። እንሰቱ እዚያው ቀርቷል። ገመዱንም ሽማግሌው አልፈቱትም፤ በየገበያው ቀን እየሄዱ ይለኩታል።