የባሌ ድንጋይ ከሰማይ በታች ስንት ዘመን ኖረ?

በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በሳነቴ አምባ ዙሪያ፣ የጥንት የበረዶ ግግር ገፍቶ ያመጣቸው ትልልቅ ድንጋዮች ተቀምጠው ይገኛሉ። ግግሩ ቀልጦ ጠፍቷል፤ መቼ እንደ ጠፋ የጻፈ ግን የለም። ታዲያ ዘመኑ በምን ይታወቃል?

ከጠፈር እጅግ ፈጣን የሆኑ ፕሮቶኖች ያለማቋረጥ ወደ ምድር ይወርዳሉ። ይህን ጨረር ቪክቶር ሄስ የተባለው ኦስትሪያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 በፊኛ ተሳፍሮ ደረሰበት። ፕሮቶኖቹ ከአየር አቶሞች ጋር ሲጋጩ ኒውትሮን ያስፈነጥራሉ፤ ይህም ኒውትሮን ድንጋይ ውስጥ ገብቶ የፖታሲየምን ወይም የካልሲየምን እምብርት ሲመታ፣ ስብርባሪው ይወጣና ክሎሪን-36 ይቀራል። በከፍተኛ ስፍራ የሚከላከለው አየር ስስ ነውና ምቱ ይበረታል፤ ከድንጋዩ ገጽ ወደ ውስጥ በተገባ መጠን ግን ይደክማል።

ስለዚህ ግግሩ ትቶት ከሄደ ጀምሮ በድንጋዩ ገጽ ላይ ክሎሪን-36 ይከማቻል። የተከማቸውን ለክተው በዓመት ከሚፈጠረው ጋር ቢያስተያዩት ዘመኑ ይወጣል። ከዚሁ ክሎሪን ግማሹ የሚጠፋው በ301,000 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ በአሥር ሺሕ ለሚቈጠር ዘመን ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት መሠረት የባሌ ግግር እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነው። የዓለም በረዶ እጅግ በዝቶ የነበረው ከ21,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ለተማርን ለእኛ ይህ ያስደንቃል፤ ባሌ ቀድሞ ነበርና!

ነገር ግን ድንጋዩ ግግሩ ሳያነሣው በፊት ሰማይ አይቶ እንደ ሆነ ዕድሜው ከእውነተኛው በልጦ ይታያል፤ በአፈር ተሸፍኖ ከቆየም ያንሳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ በአንድ ድንጋይ ምስክርነት አይፈርዱም።